አረንጓዴው መጋረጃና ብርሃኑ

ከተዋናይ ጀርባ አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግተን ቪዲዮ ስናነሣ፣ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን አጥፍቶ በስፍራው የፈለግነውን ሥዕል ይተካልናል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ፔትሮ ቭላሆስ በሰማያዊ መጋረጃ የሠራበት ስልት እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በወጣው «ቤን ሁር» በተባለው ፊልም አገልግሏል። ዛሬ አረንጓዴ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት፣ አብዛኛው ዲጂታል ካሜራ ከሌሎቹ ቀለሞች ይልቅ አረንጓዴን አጥርቶ የሚቀበል በመሆኑ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ሰውን ከጨርቅ የሚለየው በቀለም ነው። ጨርቁ ከተጨማደደ ወይም ጥላ ካጠላበት፣ አንዱ አረንጓዴ ብዙ ዓይነት አረንጓዴ ይሆንበታል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት መሆኑን አንዘንጋ፤ ይኸውም ጨርቁን ማብራትና ሰውየውን ማብራት ነው።

በመጀመሪያ ጨርቁን ወጥረን፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ኃይል ባላቸው ሁለት መብራቶች እናብራው። ሁለተኛ፣ ተዋናዩን ከጨርቁ 2 ሜትር ያህል እናርቀው፤ ቢጠጋ ጥላው በጨርቁ ላይ ይወድቃል፤ የጨርቁም አረንጓዴ ነጸብራቅ ትከሻውን ያቀልመዋል። ሦስተኛ፣ የተዋናዩ ብርሃን በኋላ ከሚገባው ሥዕል ጋር ይስማማ፤ በሥዕሉ ፀሐይ ከግራ ከሆነች ፊቱም ከግራ ይብራ።

ልብስም ይታሰብበት። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ቢለበስ፣ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይጠፋል።

የተማሪ ገንዘብ ጥቂት፣ የሚተውኑልን ጓደኞቻችንም ጊዜ ውድ ነው። ለመብራቱ የነፈግነውን አንድ ሰዓት፣ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን በብዙ ሌሊት እንከፍለዋለን። እንግዲህ ተዋናዩ ሳይደርስ ጨርቁን አብርተን፣ በካሜራ መርምረን፣ ከዚያ ቀረጻውን እንጀምር።