አንዲት ቃል ከነቤተሰቧ

የመቐለ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ የትግራይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ሳቢያ ለሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው ነበር። ስትመለሱ እንግሊዝኛው ከብዶ ጠበቃችሁ። ማታ ረጅም የቃላት ዝርዝር ትሸመድዳላችሁ፤ ጠዋት ግማሹ ጠፍቷል። ስንፍና አይደለም! ብቻውን የተሸመደደ ቃል ቶሎ ይረሳል። ቃል የሚጸናው ከነቤተሰቡ ሲያዝ ነው።

«ራን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንውሰድ። በመጀመሪያ የምንማረው ትርጉም «ሮጠ» ነው። አትሌት ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው እሱን ነው። ቃሉ ግን እዚያ አያበቃም። በቀዳማይ ወያነ ገበያ ሱቋን የምታስተዳድር እናት፣ ከቧንቧ የሚወርድ ውኃ፣ የሚሠራ ጀኔሬተር፣ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው፣ ከመቐለ በውቅሮ በኩል ወደ ዓዲግራት የሚዘልቀው መንገድ፣ ሁሉም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። «አውት» ሲከተለው ደግሞ ዘይቱ ወይም ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው። ዘመዶቹንም እዩ፦ «ራነር» ሯጭ ነው፤ «ራነር አፕ» ሁለተኛ የወጣ፤ «ራንዌይ» በአሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ።

የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ግስ ብቻ 645 ትርጉሞች ለይተዋል። ሥራውን የሠራው ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶበታል። ዕድሜውን ለቃላት የሰጠ ባለሙያ በአንድ ግስ ላይ ይህን ያህል ከቆየ፣ እናንተ በአንድ ማታ ስላልገባችሁ ለምን ተስፋ ትቆርጣላችሁ?

ደግሞም ችሎታው አላችሁ። በአማርኛ «ያዘ» የሚለውን አስቡ። ፖሊስ ሌባ ይይዛል፤ ጉንፋን ሰው ይይዛል፤ ሰው ቀጠሮ ይይዛል፣ ቂም ይይዛል፣ ሥራ ይይዛል። የትግርኛው «ሓዘ»ም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ ዝርዝር ሰጥቶ ያስሸመደዳችሁ የለም። ቃሉን ከባልንጀሮቹ ጋር ደጋግማችሁ ስለሰማችሁ የእናንተ ሆነ። እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ ይገባል።

እንግዲህ ዛሬውኑ ጀምሩ። ለቃላት ብቻ የሚሆን ደብተር አዘጋጁ። በሳምንት አንድ ግስ ምረጡ፤ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ዋናውን ትርጉም ከላይ ጻፉ፤ ብዙዎቹ ትርጉሞች ከእሱ ተነሥተው የተዘረጉ ናቸውና። «ራን»ን ብትወስዱ፣ ውኃውም፣ ማሽኑም፣ ሱቁም ሳይቆም የሚሄድ ነገር ነው። ከዚያ ቃሉን ይዛችሁ ከራሳችሁ ሰፈር፣ ከራሳችሁ ቤት ዓረፍተ ነገር ሥሩ። የሮማናት አደባባይን ታክሲ፣ የእናታችሁን ሱቅ፣ የጓደኛችሁን ሩጫ አስገቡበት። ሳትፈሩ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ለጓደኛችሁም አስረዱት።

በሳምንት አንድ ቃል በዓመት 52 ቤተሰብ ነው። የቀረባችሁን ጊዜ ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም፤ የዛሬው ሳምንት ግን በእጃችሁ ነው። ደብተሩን ክፈቱና የመጀመሪያውን ቃል ጻፉ!