ኤሌክትሮኒክ የአየር ማጣሪያ በሀዋሳ ቤቶች፦ የሚይዘውና የሚያሳልፈው

መግቢያ

በሀዋሳ መኖሪያ ቤቶች የውስጥ አየርን ከሚበክሉት ምንጮች መካከል የማድ ቤት ማገዶ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰልና ዕጣን ይገኙበታል። የእነዚህን ጢስ ለመቀነስ ኤሌክትሮኒክ የአየር ማጣሪያ የሚገዛ ቤተሰብ የጠራው አየር እንዳይወጣበት በማሰብ መስኮቱን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር ካብራራ በኋላ፣ ከሰል በሚነድበት ክፍል መስኮት መዝጋት ለምን ለሕይወት አስጊ እንደሚሆን በቀላል ስሌት ያሳያል።

የመሣሪያው አሠራር

የዘዴው መነሻ አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬደሪክ ኮትሬል የአሲድ ጉምንና የፋብሪካ ጢስን ለመያዝ የሠራው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው። ለቤት የሚሠራው ዓይነት ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረዋል። 220 ቮልት የሆነው የቤት ኤሌክትሪክ በመሣሪያው ውስጥ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ይልና በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ይደረጋል። ሽቦው ቀጭን በመሆኑ የኤሌክትሪክ መስኩ በዙሪያው ይበረታል፤ በዚያ ያሉት የአየር ሞለኪውሎችም ኤሌክትሮን እያጡ አዮን ይሆናሉ። ይህ ክስተት ኮሮና ይባላል። አዮኖቹ በሚያልፉት የጢስና የአቧራ ብናኞች ላይ እየተለጠፉ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ ያስይዟቸዋል።

በሁለተኛው ክፍል ዝርግ ብረቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ስላለ፣ ሙል የያዘው ብናኝ ተቃራኒ ሙል ወዳለው ብረት ተስቦ ይለጠፋል። የጢስ ብናኞች አብዛኛዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ይሁንና በዚህ መንገድ ይያዛሉ።

መሣሪያው ጥቅጥቅ ካለ የወረቀት ማጣሪያ የሚበልጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የአየሩን ጉዞ ስለማያግድ አነስተኛ ማራገቢያ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ብረቶቹ ታጥበው ስለሚመለሱ መለዋወጫ ማጣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሆኖም ብረቶቹ በቆሻሻ ሲሸፈኑ የመያዝ ብቃቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ብረቶቹ በየጊዜው ሊታጠቡና ፈጽሞ ከደረቁ በኋላ ሊመለሱ ይገባል።

ኦዞንና የከተማዋ ከፍታ

ኮሮና ባለበት ሁሉ ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን የመተንፈሻ አካላትን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። ለቤት በሚሠሩ መሣሪያዎች ሽቦው አዎንታዊ እንዲሆን የሚደረግበት አንዱ ምክንያትም አዎንታዊ ኮሮና ከአሉታዊው ያነሰ ኦዞን ስለሚያመነጭ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ለእነዚህ መሣሪያዎች የፈቀደው ጣሪያ በሚሊዮን 0.050 ክፍል ነው።

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየር ሲሳሳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይነሣል። ስለሆነም አቧራ የጠገበ መሣሪያ «ጣ፣ ጣ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ማጥፋትና ብረቶቹን ማጠብ ያስፈልጋል።

የማይያዘው ጋዝ

ከሰል ሲነድ ከብናኝ በተጨማሪ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ይጣመራል። የጋዝ ሞለኪውል እንደ ብናኝ ተስቦ በብረቱ ላይ አይቀርም፤ ስለዚህ መሣሪያው ያሳልፈዋል። የወረቀት ማጣሪያም ቢሆን አያስቀረውም።

ርዝመቱና ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሳሎን 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ የጠራ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ብናኝን በማስወገድ ረገድ የክፍሉን አየር በሰዓት 5 ጊዜ ከመለወጥ ጋር እኩል ነው። ከሰሉ ሳያቋርጥ እየነደደና የውጭው አየር ንጹሕ ሆኖ ሦስት ሁኔታዎችን እናነጻጽር።

በመጀመሪያው ሁኔታ መሣሪያ የለም፤ መስኮቱ ተከፍቶ አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ይለወጣል። በሁለተኛው መሣሪያው ይሠራል፤ ነገር ግን መስኮቱ ተዘግቶ በስንጥቅ የሚገባው አየር በሰዓት 0.5 ጊዜ ብቻ ነው። ብናኝ በመጀመሪያው በ5፣ በሁለተኛው በ5.5 መጠን ይወገዳል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በመጀመሪያው በ5፣ በሁለተኛው በ0.5 ብቻ ስለሚወጣ፣ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ እየተከማቸ ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል። በሦስተኛው ሁኔታ መስኮቱም ተከፍቶ መሣሪያውም ሲሠራ ብናኝ በ10፣ ጋዙ በ5 መጠን ይወገዳል።

ከሁሉ የከፋው የሁለተኛው ክፍል ነዋሪ ምንም ምልክት የማያይ መሆኑ ነው። ጢስ ዓይን እያቃጠለ ሰውን ወደ ደጅ ያስወጣ ነበር፤ መሣሪያው ጢሱን ሲያነሣ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ያነሣል። ጢሱ አልቆ የፋመ ከሰልም ቢሆን ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም።

ማጠቃለያ

ኤሌክትሮኒክ የአየር ማጣሪያ የዕጣንና የምግብ ማብሰያ ጢስን፣ እንዲሁም የበጋ አቧራን ለመቀነስ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ ምንጩን መቀነስ፤ ለምሳሌ በማገዶ ፈንታ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገርና ከሰሉን ወደ በረንዳ ማውጣት። ቀጥሎ መስኮትና በር ከፍቶ አየር ማዘዋወር። መሣሪያው የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ከሰል በሚነድበት ወይም በፋመበት ክፍል መሣሪያው ቢሠራም መስኮት ሊዘጋ፣ ሰውም ሊተኛ አይገባም።