ዋና ተጫዋቹ የተሸጠበት ቡድን አሰላለፉን እንዴት ያደራጃል?

አንድ የንግድ ቤት የሽያጭ ሥራውን ሁሉ በአንድ ብልህ ሰው እጅ ካስቀመጠ በኋላ ያ ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ፣ ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ «የሚተካው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም አጠያየቁ ጉድለት እንዳለበት ከስፖርት ቡድኖች ታሪክ መማር ይቻላል። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ የምንዘጋውን ሒሳብ እነርሱ በየሳምንቱ በአደባባይ ይዘጉታልና።

በአገራችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የኢትዮጵያ ቡና ስፖርት ክለብ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ. ም. የውድድር ዘመን 29 ግቦች አስቆጥሮ በፕሪሚየር ሊጉ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ፤ ክለቡም ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ፈጸመ። በ2014 ዓ. ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገዛው። በእኛ ሰፈር በቦሌ መድኃኔዓለም በየቡና ቤቱ የተሰማው ወሬ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሥጋት ነበር። ልጁ ወደ ትልቅ ክለብ መሄዱ ያስደስታል፤ የሚቀረው ቡድን ግን ምን ይሁን?

29 ግብ በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል። ውስጡ ሲመረመር ግን የብዙ ሥራ ድምር ነው። ግብ አግቢው ሁለት ተከላካዮችን ወደ ራሱ ስለሚስብ በክንፍ ያለው ጓደኛው ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ከኋላ ያሉት አማካዮች ኳስ የሚልኩት የእርሱን አሯሯጥ ለምደው ነው። የተጋጣሚ ተከላካዮችም እርሱን ስለሚፈሩ ወደ ፊት ለመውጣት አይደፍሩም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ሲሄድ ጉዳቱ በቅድሚያ የሚታየው በሌሎቹ ላይ ነው፤ ትናንት ጎበዝ የተባለው የክንፍ ተጫዋች ዛሬ የሰነፈ ይመስላል፤ ተመልካቹም ያለ በደሉ ይሰድበዋል።

ስለዚህ አሠልጣኙ ሌላ 29 ግብ የሚያገባ ሰው ፍለጋ ከመድከም፣ የክንፍ ተጫዋቾቹን ወደ መሐል አቅርቦ፣ አንዱን አማካይም ዘግይቶ ወደ ግብ ክልል እንዲገባ ቢያለማምድ ይሻለዋል። አንዱ 10፣ ሌላው 8፣ የቀሩት ሁለቱ 6 እና 5 ቢያገቡ ድምሩ ያው 29 ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ እንደሚቀል በሜዳ ላይ አይቀልም። ቡና ሊጉን ያሸነፈው በ2003 ዓ. ም. ሲሆን፣ ከዝውውሩ በኋላ እስከ 2017 ዓ. ም. በነበሩት ዓመታትም ዋንጫው ወደ እርሱ አልተመለሰም። በእርግጥ ምክንያቱ የአንድ ሰው መሄድ ብቻ ነው ማለት አይገባም።

በሰሜን አሜሪካ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ፤ የእኛን የገና ጨዋታ በበረዶ ወለል ላይ፣ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ እንደ መጫወት ነው። ለአንድ ግጥሚያ 20 ሰው ይሰለፋል፤ 12ቱ አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው በአራት ምድብ፣ 6ቱ ተከላካዮች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፤ ሁለቱ በረኞች ናቸው። ምድቦቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይፈራረቃሉ። በዚያ አገር ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ የእኛ ክለብ ሲሸጥ ግን በእጁ የሚገባው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብም ግብ አያገባም።

ነሐሴ 3 ቀን 1980 ዓ. ም. የካናዳው ኤድመንተን ኦይለርስ በዓለም የታወቀውን ዌይን ግሬትስኪን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ሰጠ። በምላሹ ጂሚ ካርሰንን፣ ማርታን ጄሊናን፣ ለወደፊት አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ መብትና 15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተቀበለ። ሕዝቡ ካርሰንን «የግሬትስኪ ምትክ» አድርጎ ቆጠረው። ወጣቱ በመጀመሪያው ዓመት 49 ግብ ቢያስቆጥርም ቡድኑ በዋንጫው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ተሸነፈ፤ ያሸነፈውም ያው ግሬትስኪን የወሰደው ክለብ ነበር! 49 ግብ አነሰ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ከሌላ ሰው ጥላ ሥር የሚሠራ ሰው ሥራው በራሱ ሚዛን አይመዘንለትም።

ካርሰን ሊቆይ አልወደደም። በ1982 ዓ. ም. ጥቅምት ላይ ክለቡ ለዲትሮይት ሰጥቶት በልዋጩ አዳም ግሬቭስን፣ ጆ መርፊንና ፔትር ክሊማን ጨምሮ አራት ሰዎች አገኘ። አሠልጣኙ ግሬቭስንና መርፊን ከጄሊና ጋር አጣምሮ አንድ ምድብ አደረጋቸው፤ ሦስቱም ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አምበሉ ማርክ ሜሲየር የቀደመውን ምድብ ይመራል፤ ተጋጣሚው ጠንካራ ተከላካዮቹን በእርሱ ላይ ሲያሰልፍ እነዚህ ልጆች ትኩስ ጉልበት ይዘው ይገባሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኤድመንተን ቦስተንን አሸንፎ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። በፍጻሜው የመጀመሪያ ግጥሚያ በሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ክሊማ ነበር።

ወደ ቡና ስንመለስ አንድ ነገር መታየት አለበት። የአቡበከር ስምምነት አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ተጫዋቹ የውድድሩ ዘመን እስኪያልቅ ከቡድኑ ጋር ቆይቷል። በእኔ አስተያየት የአሰላለፉ ለውጥ መጀመር ያለበት በእንዲህ ያሉ ወራት ነው። ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀ ግጥሚያ ላይ ኮከቡን ለ30 ደቂቃ አሳርፎ የቀሩት ያለ እርሱ እንዴት እንደሚቆሙ ማየት ይቻላል። የንግድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሠራተኛው የስንብት ማስታወቂያ ሰጥቶ በሚቆይበት ጊዜ ደንበኞቹን ለሦስትና ለአራት ሰዎች እያከፋፈለ በራሱ አፍ ቢያስተዋውቃቸው፣ በሄደ ማግሥት ስልኩ ሲደወል የሚያነሣው ሰው ደንበኛውን በስሙ ጠርቶ ይመልስለታል።