የመቶ አለቃው እምነትና የታመመው ብላቴና



በማቴዎስ 8፥5-13 እና በሉቃስ 7፥1-10 የተጻፈውን የቅፍርናሆም መቶ አለቃ ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው በፈውሱ ላይ ነው። ጌታ የተደነቀው ግን ከፈውሱ በፊት ነው። የአይሁድ ሽማግሌዎች ሰውየው ምኩራብ ስላሠራላቸው ልመናው ሊፈጸምለት እንደሚገባ መሰከሩለት፤ እርሱ ግን ጌታን ከቤቱ ጣራ በታች ለመቀበል የተገባ እንዳልሆነ አስታወቀ። የበታቾቹን የሚያዝ፣ ራሱም ለአለቆቹ የሚታዘዝ ወታደር ነበርና ሥልጣን ያለው ቃል በርቀት እንደማይታገድ ያውቃል። ደዌም እንዲሁ ለክርስቶስ ቃል እንደሚታዘዝ አመነ። ትሕትናው የሚያዘው ማን እንደሆነ ከማወቅ የመነጨ ነው።

ብላቴናውስ? እርሱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ስለ እምነቱም የጠየቀው የለም። የዳነው ሌላ ሰው አምኖ ስለ ለመነለት ነው።

ይህ ነጥብ በወረታና በፎገራ ሜዳ ለሚያስተምር ሰው ቀላል አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር መግባቱ ከመታወቁ በፊት ሰዎች በበሽታው ይሞቱ ነበር። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ የወባ መድኃኒት ግን አይፈውሰውም፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በአዲስ ዘመን ከ2000 በላይ ሕሙማን ታከሙ። አብዛኞቹ ዳኑ፤ ሁሉም ግን አልዳኑም። ልጁን ለቀበረ አባት «እምነትህ ቢበረታ ኖሮ» የሚል አጽናኝ ወንጌሉ ያላለውን ይናገራል፤ በሐዘን ላይም ክስ ይጨምራል። እኛም ምናልባት ሳናስተውል እንዲህ ብለን እናውቅ ይሆናል።

ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የእምነት ማነስ የሚመስላቸውም አሉ። መቶ አለቃው ግን ስለ ብላቴናው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሽማግሌዎችን ላከ፤ ወዳጆቹንም ላከ። በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርስ ጎረቤትም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

መምህራን ይህን ንባብ ሲያስጠኑ በሉቃስ ምዕራፍ 7 ቀጥሎ ያለውን፣ ከቁጥር 11 እስከ 17፣ አብረው ቢያስነብቡ መልካም ነው። በዚያ የናይን መበለት አንድ ልጇን ልትቀብር ትወጣለች። እርሷ ምንም አልለመነችም፤ ስለ እምነቷም የተጻፈ ነገር የለም። ጌታ አያት፤ አዘነላትም።