የቤት ኮምፒውተር ፀረ ቫይረስ ሶፍትዌሮች ንጽጽር፦ ኢንተርኔት በማይዘወተርበት በቡሌ ሁኔታ

መግቢያ

ቡሌ ከዲላ ከፍ ብሎ በጌዴኦ ዞን ደጋማ ክፍል የሚገኝ ወረዳና ከተማ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ በአንድ ቤት ያለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የበርካታ ሰዎች መገልገያ ይሆናል። መምህሩ የተማሪዎቹን ውጤት ይመዘግብበታል፤ ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጅበታል። ጽሑፉ በፍላሽ ተይዞ ለኅትመት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለአማካሪ አስተያየት ወደ ዲላ ይወርዳል። ፍላሹ ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የኢንተርኔት አገልግሎት ከስልክ በሚጋራ የዳታ ጥቅል ላይ ሲመሠረት፣ ኮምፒውተሩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሳይገናኝ ይቆያል።

«የትኛው ፀረ ቫይረስ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሁኔታ ሲጠየቅ፣ በዓለም አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዦች ላይ ያለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ሰንጠረዦቹ በአመዛኙ የሚለኩት ዘወትር የተገናኘ ኮምፒውተርን ነው። የዚህ ጽሑፍ ማዕከላዊ ሐሳብ፣ እንደ ቡሌ ባለ ቦታ ንጽጽሩ መጀመር ያለበት «ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ ምን ያህል ይከላከላል?» ከሚለው ጥያቄ ነው የሚል ነው።

ዓለም አቀፍ ፍተሻዎች ምን ይለካሉ?

በመስኩ ከሚታወቁት ገለልተኛ ፈታሾች መካከል የጀርመኑ ኤቪ ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ይጠቀሳሉ። ኤቪ ቴስት ለመከላከል አቅም፣ ለፍጥነትና ለአጠቃቀም አመቺነት ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ በድምሩ 18 ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኙት ምርቶች ብዙ በመሆናቸው፣ ድምሩን ብቻ የሚመለከት አንባቢ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አያገኝም።

ኤቪ ኮምፓራቲቭስ በበኩሉ በጎጂ ፕሮግራሞች መከላከያ ፍተሻው ሦስት ውጤቶችን ለይቶ ያትማል። እነርሱም ያለ ኢንተርኔት የመለየት ምጣኔ፣ በኢንተርኔት የመለየት ምጣኔ እና የመጨረሻው የመከላከል ምጣኔ ናቸው። ለቡሌው ተጠቃሚ ቁልፉ የመጀመሪያው ዓምድ ነው። በተከታታይ ሪፖርቶች የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ያለ ኢንተርኔት ያገኘው ውጤት ተገናኝቶ ካገኘው በግልጽ ዝቅ ብሎ ታይቷል። እንደ ቢትዲፌንደር ባሉ ምርቶች ላይ ግን ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል።

የልዩነቱ ምክንያት

ፀረ ቫይረስ አጠራጣሪ ፋይልን በሦስት መንገድ ይመረምራል። አንደኛው በኮምፒውተሩ ላይ ከተከማቸው የታወቁ ቫይረሶች መለያ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያሳየውን ጠባይ መከታተል ነው። ሦስተኛው የፋይሉን መለያ ወደ አምራቹ ማዕከላዊ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ክላውድ፣ ልኮ መልስ መጠበቅ ነው። በሦስተኛው መንገድ ይበልጥ የሚተማመን ሶፍትዌር ግንኙነት ሲቋረጥ ከአቅሙ ከፊሉን ያጣል።

ጉዳቱ ግን በሁሉም ቫይረሶች ላይ እኩል አይደለም። በፍላሽ የሚዘዋወሩ ብዙዎቹ ቫይረሶች የቆዩ ናቸው፤ መለያቸው በኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ ዲፌንደርም ያለ ኢንተርኔት ሊለያቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ኮንፊከር በኔትወርክም በፍላሽም ይሰራጭ ነበር። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ ፕሮግራም አያስነሳም፤ ስለዚህ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ዓይነት እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሐሰተኛ አቋራጭ ያስቀምጣል። ተጠቃሚው አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱ ይነሣል። ክላውድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ትናንት ለተሠራ ፕሮግራም፣ በተለይም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍን ለዘለቄታው ሊያሳጣ የሚችለውም ይኸው ነው።

የምርቶቹ ንጽጽር

ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣል፤ ፈቃዱም አያልቅም። ሙሉው የማዘመኛ ጥቅሉ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መወሰድ ይችላል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በግቢው ኔትወርክ አውርዶ መመለስ ከስልክ ዳታ ይልቅ ይረክሳል። አዘውትሮ የሚገናኝ ኮምፒውተር ግን የሚያወርደው ለውጡን ብቻ በመሆኑ ወጪው አነስተኛ ነው። ዲፌንደር ሰነዶችን ከማይታወቁ ፕሮግራሞች የሚጠብቅ የፎልደር መቆጣጠሪያም አለው፤ ሲጫን ግን ዝግ ስለሆነ ተጠቃሚው ራሱ መክፈት አለበት።

የቢትዲፌንደር፣ የካስፐርስኪና የአቫስት ነፃ ምርቶች ተጨማሪ አማራጭ ናቸው። ቢትዲፌንደር ያለ ኢንተርኔት ባለው አቅም ይመረጣል። ካስፐርስኪ ኮምፒውተርን ባለማዘግየት በፍተሻዎች ጥሩ ውጤት ሲያገኝ ኖሯል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋትን ጠቅሶ ሽያጩን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ አግዷል። እገዳው ኢትዮጵያን ባይመለከትም፣ የመንግሥት ወይም የምርምር መረጃ በቤቱ የሚይዝ ሰው ሊያመዛዝነው የሚገባ ነው። አቫስት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ በንዑስ ኩባንያው በጃምፕሾት በኩል በመሸጡ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጥሎበታል። ነፃ የሚባል ምርት ዋጋውን በሌላ መንገድ ሊያስከፍል እንደሚችል ይህ ጉዳይ ያሳያል። የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ ራሱን የሚያቀርበው ለፍላሽ ተጨማሪ ጥበቃ አድርጎ ስለሆነ፣ የዋናውን ፀረ ቫይረስ ቦታ ሊተካ አይገባም።

የሚከፈልባቸው ምርቶች ፈተና የፈቃድ ቀጣይነት ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ይታሰባል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ በብር ሲሰላ እጅግ ጨምሯል። ሌላ ፀረ ቫይረስ ሲጫን ዊንዶውስ ዲፌንደርን ከሥራ ያሳርፈዋል። የሙከራ ጊዜው ያለቀበትና የማይዘምን ምርት በቦታው ከቀረ፣ ባለቤቱ በሚገባ ያልተጠበቀ ኮምፒውተር ይዞ የተጠበቀ ሊመስለው ይችላል። ያንን ምርት ነቅሎ ማውጣት ዲፌንደርን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ክራክ የተደረገ ፀረ ቫይረስ ከዚህም የከፋ ነው፤ ለመጫን ጥበቃን አጥፉ የሚል ፕሮግራም ራሱ የቫይረስ መግቢያ በር ይሆናል።

ከፀረ ቫይረስ በላይ የሆነው

የየትኛውም ምርት ብልጫ ያልተዘመነ ዊንዶውስን አያካክስም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ሁለት ወር ቀድሞ ነበር፤ ብዙዎቹ የተጠቁት ማዘመኛውን ያልጫኑ ናቸው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2028 ማዘመኑን እንደሚቀጥል አስታውቋል፤ መለያ ማዘመን ግን የሥርዓቱን ቀዳዳ አይደፍንም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ስለሚጠይቅ፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ንጽጽር ለቡሌና ለመሰል አካባቢዎች የሚከተለው ምክር ይወጣል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መገናኘት ለሚችል ኮምፒውተር፣ በሚገባ የተዘመነ ዲፌንደር የፎልደር መቆጣጠሪያው ተከፍቶ በቂ መነሻ ነው። ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ሳይገናኝ ለሚቆይ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት የመለየት አቅሙ የተሻለ ነፃ ምርት ይመረጣል፤ ሁለት ፀረ ቫይረሶችን አንድ ላይ ማሠራት ግን አይገባም። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሽ፤ በፍላሹ ላይ ያለ ፎልደር በድንገት የአቋራጭ ቀስት ከታየበት አይጫኑት።

ከሁሉም በላይ የመመረቂያ ጽሑፉ ቅጂ በሁለተኛ ፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ተሰክቶ የሚኖር ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋልና። ያለ ኢንተርኔት አቅሙ የተሻለው ምርት እንኳ አንዳንድ ቫይረሶችን ያሳልፋል፤ በዚያን ቀን የሁለት ዓመት ጥናት የሚተርፈው መሳቢያ ውስጥ ባለው ቅጂ ነው።