ወረፋ ለያዘችው ልጄ

ልጄ፣ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ተምረሽ፣ ሆስፒታል ሌሊት አድረሽ ሠርተሽ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ልሂድ ብትዪ ማን ይነቅፍሻል? ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በየማለዳው ስልክሽን ከፍተሽ «ዛሬም መልስ የለም» ትያለሽ እንጂ የቆምሽው በምን ዓይነት ወረፋ ላይ እንደሆነ ጠይቀሽ አታውቂም። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ ወረቀት ይዘው ሲጠብቁ የኖሩ ልጆችን ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹን ያዘገያቸው ከወረፋው በፊት ያልሠሩት ሥራ ነው። በይ አሁን ቡናሽን ቅጂና ስሚኝ።

1. የወረፋውን ሕግ እወቂ። እኛ የለመድነው የቀበሌ ወረፋ ነው፤ ማልዶ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። የባለሙያ ቪዛ ግን እንደ ቡናችን ነው፤ መጋዘን ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ደረጃው ከፍ ያለው ቀድሞ ይነሣል። ካናዳ ከ2015 ጀምሮ (ዓ.ም. ካላልኩሽ በቀር ዓመቱን የምጠራልሽ በእነሱ አቆጣጠር ነው) ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው አሠራር ለአመልካቹ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቋንቋና በሥራ ልምድ ነጥብ እየሰጠች ትደረድርና ከላይ ያሉትን ትጠራለች። ቀድሞ መመዝገብ የሚጠቅመው ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ሲያመጡ ብቻ ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሙያ ለይታ የምትጠራበት ጊዜ አለ፤ አንዱ የጤና ሙያ ነው። በአውስትራሊያም የ1958ቱ የፍልሰት ሕግ ሚኒስትሩ ማመልከቻዎችን በመረጠው ቅደም ተከተል እንዲያይ ይፈቅድለታል። በ2023 መጨረሻ የወጣው መመሪያ ቁጥር 105 ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ያለ አሠሪ የጠራውን ሰው አንደኛ፣ የጤናና የማስተማር ባለሙያን ሁለተኛ አድርጎ አሰለፈ፤ የቀረው ከዚያ በታች ሆነ። ስለዚህ ካንቺ በኋላ ያመለከተች የጅማ ልጅ ቀድማሽ ብትሄድ «ዘመድ አላት» አትበዪ። አሠሪዋ የት እንዳለ ጠይቂያት።

2. ወረፋ ያዝኩ ብለሽ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ቤትሽንም አትሽጪ። ወረፋ የራስሽ ንብረት አይደለም፤ የሰጠሽ መንግሥት ሊወስደው ይችላል። ካናዳ በድሮው አሠራር ከየካቲት 2008 በፊት ያመለከቱ፣ ቤተሰባቸውን ጨምሮ ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወረፋ ተከምሮባት ነበር። በ2012 ሕግ አውጥታ ውሳኔ ያላገኙትን ዘጋችው፤ የከፈሉትን መለሰችላቸውና አሰናበተቻቸው። አምስት ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ገንዘቡ ቢመለስለት ዓመቱን ማን ይመልስለታል? እንግሊዝም በሐምሌ 2025 ከውጭ አገር አዲስ የእንክብካቤ ሠራተኛ ማስመጣትን ዘግታለች። በዚያ በር ልገባ ነው ብሎ ሥራውን የለቀቀ ሰው ዛሬ በሩም የለው፣ ሥራውም የለው።

3. «ስድስት ወር» የሚለውን ቁጥር እንደ ቀጠሮ አትያዢው። ካናዳ ስድስት ወር ስትል ከአሥር ማመልከቻ ስምንት ያህሉን በዚያ ጊዜ እጨርሳለሁ ማለቷ ነው፤ ሁለቱ ሊቀሩ ይችላሉ። ቆጠራውም የሚጀምረው ስምሽን ካስመዘገብሽበት ቀን ሳይሆን ተጠርተሽ የተሟላ ማመልከቻ ካስገባሽበት ቀን ነው። ሳትጠሪ ዓመት ከቆየሽ ምዝገባው ራሱ ያበቃና እንደገና ትጀምሪያለሽ። ዕድሜሽም አብሮ ይቆጠራል፤ 30 እስኪሞላሽ ሙሉ ነጥብ ነው፣ ከዚያ በሠላሳዎቹ ውስጥ በየልደትሽ አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ይቀነሳል። «ልረፍበት፣ ከርሞ እጀምራለሁ» የምትይው ነገር ዋጋው ይኸው ነው።

4. ረጅሙ ወረፋ ያለው እዚሁ አገራችን ነው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ኤምባሲውን ነው የምትወቅሱት። መጀመሪያ ስምሽን አስተካክዪ። የኛ አገር ልጅ አንድ ስሙ በሁለት በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ ጫልቱ በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ በሲ ትጀምራለች፣ በእንግሊዝኛው በሲና በኤች፤ ቀነኒ በቁቤ በኪው ናት፣ በእንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ በኬ። የትምህርት ቤት ካርድሽ በአንዱ፣ ዲግሪሽ በሌላው፣ ፓስፖርትሽ በሦስተኛው ከተጻፈ፣ ውጭ አገር ያለው መርማሪ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ፋይዳሽ፣ ፓስፖርትሽ፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽና ዲግሪሽ ፊደል በፊደል አንድ ይሁኑ። ካልሆኑ አሁኑኑ አሳርሚ፣ ካልታረመም ሕጋዊ ማስረጃ ያዢበት። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አንድ ጊዜ የአባትሽን፣ ሌላ ጊዜ የአያትሽን አትሙዪ፤ ፓስፖርቱን ተከተዪ።

ቀጥሎ ሬጅስትራር አለ። በቴምፖ (በጊዜያዊው ማስረጃ) ብቻ የትም አትደርሺም። የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽ ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪ አይሰጥሽም። የትምህርት ማስረጃ የሚመዝነው የውጭ ድርጅት ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ካንቺ እጅ እንዲመጣለት አይፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው አሽጎ በቀጥታ እንዲልክለት ነው የሚጠይቀው። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሰው ነው፤ በምረቃ ሰሞን ሄደሽ አትጨቅጭቂው፣ ወሩ ሲረጋ ሂጂ፣ የተላከበትን ቁጥር ሳትይዢም አትመለሺ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ «በቅንነት አገልግላለች» ብቻ ብሎ ካበቃ ጥቅም የለውም፤ ምን ትሠሪ እንደነበር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ደመወዝ ተዘርዝሮ ይጻፍልሽ። ነርስ ነሽና በምትሄጂበት አገር የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል የራሱ ምርመራ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከቪዛው ይልቅ እሱ ይረዝማል። እሱን ቀድመሽ ጀምሪ።

5. ቀኑንና ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር ጻፊ። ይህ ቀላል ይመስልሻል። የቀጠሮው ወረቀት ዘጠኝ ሰዓት ሲል በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሩ ላይ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የልደት ቀንሽን ስትቀይሪም ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከተወለድሽ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በጳጉሜን የተወለድሽ ከሆነ ደግሞ ማንም በልቡ እንዲያሰላልሽ አትፍቀጂ። በአንዱ ወረቀት የተሳሳተ አንድ ቀን በሌላው ወረቀት ሐሰተኛ ያስብልሻል።

6. የሚበላሽ ወረቀት ቀድመሽ አታውጪ። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ለካናዳ የትምህርት ግምገማው አምስት፣ የጤና ምርመራው አንድ ዓመት፣ ለእንግሊዝ የሚጠየቀው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ስድስት ወር። ልጆች ጉልበታቸው ትኩስ ሳለ ሁሉንም በአንድ ወር ያወጡና፣ ሲጠሩ ግማሹ አልፎበት ያገኙታል። ረጅም ዕድሜ ያለውን አስቀድሚ፣ አጭር ዕድሜ ያለውን ስትጠየቂ አውጪ። ለያንዳንዱ የሚያበቃበትን ቀን በደብተር ጻፊ። ስልክ ይጠፋል።

7. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የታመነ ሰው ይኑርሽ። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን የአንድ ቀን ጉዞ፣ ሳይሆን ግን ማን ያውቃል። ካናዳ የአሻራ ደብዳቤ ስትልክልሽ 30 ቀን ትሰጥሻለች፤ ከጠራችሽ በኋላ ሙሉ ማመልከቻ ለማስገባት ያለሽ 60 ቀን ነው። እኛ በወለጋ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. እስከ መጋቢት ድረስ ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች ነን። ያኔ ኢሜይል የመጣለት ልጅ መምጣቱን እንኳ በምን ያውቃል? የፋይልሽን ሙሉ ቅጂ አዲስ አበባ ለሚኖር ወንድምሽ ወይም እኅትሽ ስጪ፣ ኢሜይልሽን የሚከፍትልሽ ሰው ይኑር። ቀኑ የሚያልፍብሽ ከሆነ ከማለፉ በፊት ምክንያቱን ጽፈሽ ጊዜ ጠይቂ፤ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ልመና ሰሚው ጥቂት ነው።

8. ገንዘብሽን በብር ብቻ አትለኪው። ካናዳ የሥራ ጥሪ ለሌለው ባለሙያ መቋቋሚያ ገንዘብ እንዳለው የባንክ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ለአንድ ሰው ከ15 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ። ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ስለምታይ የአጎት ገንዘብ ለሳምንት አስገብቶ ማውጣት አይሠራም፤ ብድርም አይቆጠርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አንድም ብር ያላጠፋ ልጅ ያጠራቀመው በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ልክ ልኩን አትያዢ፣ ተረፍ አድርጊ።

9. «ወረፋ አሳልፍሻለሁ» የሚልሽን ሰው ሽሺው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ፈጣን መስመር የለም አልልሽም፤ አለ፣ ግን በር ላይ ተጽፎ፣ ደረሰኝ እየተቆረጠ ነው። እንግሊዝ ተጨማሪ ለከፈለ በአምስት የሥራ ቀን ትወስናለች፤ የሚሸጥልሽ የመልሱ ፍጥነት ነው፣ እሺታው አይደለም። ጀርመን ከ2020 ወዲህ አሠሪሽ እዚያው አገር 411 ዩሮ ከፍሎ የሚያስጀምረው የተፋጠነ አሠራር አላት፤ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጥሻል፣ በሌላ ሦስት ሳምንት ይወስናል። ልብ በዪ፣ የሚያስጀምረው አሠሪው ነው፣ የነቀምት ደላላ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ እንግሊዝም ቀጣሪዎቿ በእነዚህ አገሮች እየዞሩ ነርስ እንዳይመለምሉ በመመሪያ ከልክላለች። አንቺ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ «ከለንደን ሆስፒታል ተልኬ ነርስ ልመለምል መጣሁ» የሚልሽ ግን ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ያውቃል። የሐሰት የሥራ ልምድ ላዘጋጅልሽ ካለሽ ደግሞ ካናዳ በሐሰተኛ ማስረጃ የያዘችውን አምስት ዓመት እንደምታግድ ንገሪው። የሚታገደው እሱ አይደለም።

10. ስትጠብቂ ሥሪ። የኛ ከተማ ሰው ሆነሽ የኦነሲሞስ ነሲብን ነገር መርሳት አይገባሽም። በልጅነቱ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ሰው ስዊድን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት በ1880ዎቹ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ነቀምት የደረሰው በ1904 ነው። በዚህ መሀል እዚያው ምጽዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከተርጓሚዋ ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠራ፣ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አወጣ። በሩ ሲከፈትለት ባዶ እጁን አልገባም። አንቺም የሙያ ፈቃድሽ እንዳይቋረጥ ሥልጠናሽን ተከታተዪ፤ ከአጠቃላይ ክፍል ወደ ፅኑ ሕሙማን ወይም ወደ ማዋለጃ ክፍል ተዛወሪ፤ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ጀምሪ። ፈረንሳይኛ በካናዳ ነጥብ ይጨምራል፣ ጀርመንኛ ከሌለሽ ደግሞ ጀርመን በነርስነት አትመዘግብሽም። ለማግባት ካሰብሽም «ቪዛው ይምጣና» ብለሽ ሰው አታጉላዪ። አግቢ፣ ፋይልሽ ላይም ወዲያው አሳውቂ፤ የደበቅሽውን ባል በኋላ ማስመጣት ከባድ ነው።

11. መልሱ ሲመጣ ከመጮህሽ በፊት አንብቢው። «ተፈቅዷል» ካለ እስከ መቼ መግባት እንዳለብሽ የተጻፈ ቀን አለ፤ ብዙ ጊዜ ከጤና ምርመራሽ ወይም ከፓስፖርትሽ ማብቂያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሠርግና ስንብት ሲደራረብ ያ ቀን ያልፋል። «አልተፈቀደም» ካለ ምክንያቱ ተጽፏል። ለካናዳ ከሆነ እዚያ በሚኖር ሰው በኩል፣ ፈቃድሽን በጽሑፍ ሰጥተሽ፣ መርማሪው በፋይልሽ ላይ ያሰፈረውን ማስታወሻ ማስጠየቅ ትችያለሽ። ማስታወሻው እስኪመጣ ሁለተኛ ማመልከቻ አታስገቢ። ሲመጣ የድሮውን ቅጂሽን ከጎኑ አድርገሽ ቀን በቀን፣ ስም በስም አመሳክሪ፤ ከቻልሽም ወደ እኔ ይዘሽ ነዪ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።