የመጠጥ ውኃ ከመሬት በታች ስለሚበላሽበት መንገድና ስለ አጠባበቁ

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ የመጠጥ ውኃውን የሚያገኘው ከምንጭ፣ በእጅ ከተቈፈረ ጕድጓድና በመኪና ከተቈፈረ ጥልቅ ጕድጓድ ነው። ተከዜና ጽራሬ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሄዱ ደገኛው ከሩቅ ያያቸዋል እንጂ በየዕለቱ ወርዶ ሊቀዳቸው አይችልም። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው የሚኖረው ዐይኑ በማያየው ውኃ ነው፤ የማያዩትንም ነገር ለመጠበቅ አስቀድሞ አካሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ከመሬት በታች ያለው ውኃ እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚኖር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የደጋው ከፍተኛ ክፍል በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህም ድንጋይ ሲቀዘቅዝና ኋላም መሬት ሲንቀሳቀስ ተሰነጣጥቋል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ፣ ከሥር ውኃ የማያሳልፍ ድንጋይ ወይም ጭቃ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ቀስ እያለ ይጠላል፤ በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ግን ፈጥኖ ስለሚሄድ ከላይ ይዞት የገባውን እድፍ ይዞት ይወጣል። የዋግ ሰው ዓለትን ያውቃል፤ በሰቆጣ አቅራቢያ ያለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ነገር ግን ዓለት ለእጅ ጠንካራ ቢሆንም ለውኃ በር የሌለው ቤት አይደለም።

ይህ ነገር በሌላ አገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የተፈተነ አንድ ሥራ አለ፤ ስሙ ሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ ይባላል፤ ትርጓሜውም ዓለትን በውኃ ኃይል መሰንጠቅ ማለት ነው። ጋዝ ወይም ዘይት ያለበት ዓለት ጠባብና ደረቅ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ጕድጓዱም የብረት ቧንቧ ይገባበትና በቧንቧውና በዓለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በሲሚንቶ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ውኃ፣ አሸዋና ጥቂት የኬሚካል መድኃኒት ተደባልቆ በታላቅ ግፊት ይላካል። ዓለቱ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ስንጥቁ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዘዋል፤ ጋዙም በቧንቧው ወደ ላይ ይወጣል።

የመጠጥ ውኃው የሚበላሸው እንዴት ነው? አብዛኛው ሰው ስንጥቁ ከታች ተነሥቶ እስከ ምንጩ የሚደርስ ይመስለዋል። ነገር ግን የሚሰነጠቀው ዓለት ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የጠለቀ ነው፤ በተግባር የታየው ዋና ጥፋትም ከዚያ የቀረበ ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዲሞክ በምትባል ቦታ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀን በአንድ ቤት የውኃ ጕድጓድ ውስጥ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳ። የግዛቱ መንግሥት ሲመረምር፣ በአካባቢው ከተቈፈሩት የጋዝ ጕድጓዶች አንዳንዶቹ ቧንቧቸውና ሲሚንቷቸው በደንብ ያልተሠራ በመሆኑ ጋዙ በዚያ ሾልኮ ወደ መጠጥ ውኃው መግባቱን አረጋገጠ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2016 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው ታላቅ ጥናት፣ ይህ ሥራ በአንዳንድ ሁኔታ የመጠጥ ውኃን እንደሚጐዳ ገልጿል፤ ከምክንያቶቹም ውስጥ የጕድጓድ ግድግዳ ድክመት፣ የመድኃኒቱ በመሬት ላይ መፍሰስ፣ የቈሸሸው ውኃ ያለ ጥንቃቄ መደፋትና ውኃ ባነሰበት ጊዜ ብዙ ውኃ መቅዳት ይገኙበታል።

የመጨረሻው ምክንያት ለደረቅ አገር ሰው በሒሳብ ሊታይ ይገባዋል። አንድ የጋዝ ጕድጓድ ለመሰንጠቅ ብዙ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ይፈጃል፤ ለምሳሌ 15 ሚሊዮን ሊትር ይባል። 500 ሰው ያለበት መንደር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢያገኝ፣ በዓመት 4,562,500 ሊትር ይጠቀማል። ስለዚህ ያ አንድ ጕድጓድ የፈጀው ውኃ ይህን መንደር ከሦስት ዓመት በላይ ባጠጣው ነበር። መምህሩ ይህን ስሌት ለተማሪዎቹ ቢሰጥ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የሆነውን ከአያቶቻቸው የሰሙ ልጆች ትርጉሙን ለማስተዋል አይቸገሩም።

በዋግ ይህን የመሰለ የጋዝ ሥራ የለም። በኢትዮጵያ ጋዝ የተገኘው በሩቅ በኦጋዴን፣ ካሉብና ሂላላ በተባሉት ቦታዎች ነው። ሆኖም ከዲሞክ የተገኘው ትምህርት ለሰቆጣ ጕድጓድም እንዲሁ ይሠራል፤ ይኸውም፦ እድፍ ወደ ውኃው የሚገባበት ዋናው መንገድ ሰው ራሱ የከፈተው ቀዳዳ ነው። ብዙ የእጅ ጕድጓድ ውኃው ከታች ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከላይ ይበላሻል። የፈሰሰው ውኃ፣ የከብት እበትና የጎርፍ ጭቃ ከግድግዳው ጀርባ እየሾለከ ይወርዳልና። ስለዚህ ጕድጓድ ሲሠራ የግድግዳው የላይኛው ሦስት ሜትር ውኃ እንዳያሳልፍ በሲሚንቶ መታሸግ፣ ከጀርባውም በተጠቀጠቀ ጭቃ መሞላት አለበት። አፉ በኮንክሪት ክዳን ይዘጋል፤ ዙሪያው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል ይበጅለታል፤ የፈሰሰውም ውኃ በቦይ ርቆ ይሄዳል። ፓምፑ ከመልካም ፋብሪካ ቢመጣም ወለሉ ከተሰነጠቀ ድካሙ ከንቱ ነው፤ በወለሉ ላይ የታየ ስንጥቅም በዚያው ሳምንት መጠገን አለበት።

ምንጭም እንዲሁ ነው። ዐይኑ እስኪገኝ ይቈፈራል፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ይከለላል፤ ይከደናል፤ ውኃው በቧንቧ ብቻ ይወጣል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈራል፤ ዙሪያውም ይታጠራል። ለከብት ገንዳ ከበታቹ ርቆ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢነገር አይከፋም፦ ሕዝቡ ጠበል ያለበትን ምንጭ ያከብራል፤ ከብት አያስገባበትም፤ ልብስም አያጥብበትም። ልጆቹ በየቀኑ የሚጠጡት ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ክብር አያገኝም። ይህን ለማስተካከል ከመምህር ቃል ይልቅ የሽማግሌ ቃል ይበረታል።

ሽማግሌዎች ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርጉት የሚችሉት ምርመራም አለ። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ምንጩን ይመልከቱ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደፈረሰ፣ ከላይ የወረደው ጎርፍ ሳይጠል በስንጥቅ ደርሶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ምንጭ በበጋ ኩል ቢመስልም ሊታመን አይገባም። ዝናቡ አልፎ ከብዙ ቀን በኋላ ብቻ ውኃው የሚጨምርና የማይደፈርስ ምንጭ ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ የተሻለም ይጠላል።

ከዚሁ ጋር የመጸዳጃ ጕድጓድ ነገር አለ። በየቦታው የሚነገረው ልክ ከመጠጥ ውኃ 30 ሜትር መራቅ ነው። ይህ ልክ አፈሩ ወፍራም ለሆነ ቦታ የሚበቃ ነው፤ ዓለቱ ወደ ላይ በወጣበትና በተሰነጠቀበት ቦታ ግን አይበቃም። በዋግ ብዙ መንደር መሬቱ እንዲህ ስለሆነ፣ መጸዳጃው ከምንጩ በታች ወይም በሌላው ተዳፋት መሆን አለበት እንጂ በእርምጃ ብቻ መለካት የለበትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ልጆች ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን አውጥቶ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በቈሸሸ ውኃ ምክንያት ደጋግሞ የሚያስቀምጠው ሕፃን የበላው ስለማይረጋለት፣ እናቱ እህል ብታበዛለትም ቁመቱ አይጨምርም። ምግብና ውኃ በአንድ ቃል ኪዳን የተጠሩት ስለዚህ ነው።

መምህሩ ነገሩን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን አንገታቸውን ቈርጦ በአሸዋ ይሙላቸው፤ በየአንዳንዱም አንድ መቃ ከጠርሙሱ ጎን አስጠግቶ ይትከል። በአንደኛው መቃ ዙሪያ እርጥብ ጭቃ ይጠቅጥቅ፤ ሁለተኛውን እንዲሁ ይተወው። ከዚያም በቀለም የቀላ ውኃ ቀስ አድርጎ በመቃዎቹ ሥር ያፍስስ። ቀለሙ ጭቃ በሌለበት በኩል መቃውን ተከትሎ ፈጥኖ ሲወርድ ተማሪዎቹ በዐይናቸው ያያሉ። ትምህርቱ በአማርኛም በኽምጣኛም ቢነገር ወደ ቤት ቶሎ ይደርሳል።

ምንጩ እስኪታጠር ድረስ የሚጠጣው ውኃ ይፈላ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቈየት አለበት። እንጨት ለጠፋበት ቤት፣ ያልደፈረሰ ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ አድርጎ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማኖር ይረዳል፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የደረቀና የተተወ ጕድጓድ አፉን ከፍቶ መቅረት የለበትም፤ እርሱ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ውኃ የሚወስድ በር ነው። የሞተ ከብትና ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ማድረግማ ጨርሶ የማይገባ ነው። ከታች በታጠበ ድንጋይና አሸዋ፣ ከላይ በተጠቀጠቀ ጭቃ ተሞልቶ አፉ በሲሚንቶ ይዘጋ፤ የነበረበትም ቦታ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ።